አንድ ሰው ሲጎድላቸው ምን እናድርግ? ለታዳጊ የእጅ ኳስ አሰልጣኞች

ዳኛው እጁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጣት አሳየ። የተጋጣሚያችን ተከላካይ እያጉረመረመች ወደ ወንበር ሄደች። የኛ ልጆች አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ደቂቃ ብታዩት ግን ሰው የጎደለው ከኛ ነበር የሚመስላችሁ። ኳስ የያዘች ሁሉ በቀጥታ ወደ ጎል ትሮጣለች። አንዷ ገና ከሩቅ ወረወረች። ሌላዋ ኳስ ይዛ አራተኛ ርምጃ ሄደችና ተነጠቀች። የተቀጣችው ልጅ ስትመለስ ሁለት ጎል ገብቶብን ነበር። እኛ ያገባነው ዜሮ።

ከጨዋታው በኋላ የግራ ክንፏ ልጅ የጫማዋን ክር እየፈታች፣ ቀና ሳትል፣ "ኮች፣ እኔ እኮ ሁለቱንም ደቂቃ ብቻዬን ነበር የቆምኩት" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ትርፏ ሰው እሷ ነበረች። ማንም አላያትም። እኔም ጭምር።

ጅማ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ሴቶችን እጅ ኳስ አሰለጥናለሁ። ከተማው ኳስ ይወዳል፤ ኳስ ሲባል ግን የእግር ኳስ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህማ ስለ እጅ ኳስ የሚያወራ ማን አለ? ሜዳውንም የምናገኘው እግር ኳሰኞቹ ሲለቁልን ነው። እናም የማሰልጠኛ ሐሳብ ስፈልግ ሄጄ ሄጄ የማርፈው ስልኬ ላይ ነው። ያን ቀን ማታ የቁጥር ብልጫ ስለመጠቀም ስፈልግ የበረዶ ሆኪ ላይ ወደቅሁ። እኛ ጅማ በረዶ የምናውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንጫጫ ነው። ግን ሰዎቹ ይህን ነገር ከማንም በላይ አስበውበታል። ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ ፓወር ፕሌይ ይሉታል። ለዚያ ብቻ የሚገቡ ልጆች ይመርጣሉ፤ ለብቻው ያለማምዳሉ።

ቅጣቱ እንደኛው ሁለት ደቂቃ ነው። በረኛውን ሳይጨምር አምስት ለአራት ይጫወታሉ። አንድ ነገር ግን ይለያል፤ እነሱ ጋ ብልጫ ያለው ቡድን ካገባ ይህ የሁለት ደቂቃ ቅጣት ያበቃል፣ የተቀጣው ይመለሳል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 የሞንትሪያል ካናዲያንሱ ዣን ቤሊቮ በአንድ ፓወር ፕሌይ፣ በ44 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጎል አገባ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተቀየረ። እጅ ኳስ ላይ ግን አሁንም እንደ ድሮው ነው፤ አግብታችሁም ሁለቱ ደቂቃ የእናንተ ነው። ደግሞ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። የዓለም ምርጦቹ የሚጫወቱበት የሆኪ ሊግ፣ ኤን.ኤች.ኤል. ውስጥ እንኳ ፓወር ፕሌይ ጎል የሚሆነው ከአምስት አንዴ ገደማ ነው። ልጆቻችሁን አትሳደቡ።

አሁን ወደ ሥራው።

አንደኛ፦ ሁለት ደቂቃ ስንት እንደሆነ አሳዩዋቸው

ልጆች ሁለት ደቂቃ ሲባሉ ወይ የዘላለም ይመስላቸዋል ወይ የዓይን ጥቅሻ። እኔ መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ስልኬ ላይ ሰዓት ከፍቼ፣ ዝም በሉ አልኳቸው። በአንደኛው ደቂቃ ላይ "አላለቀም እንዴ?" ማለት ጀመሩ። ነጥቡ እሱ ነበር።

ከዚያ ሂሳቡን አብራችሁ ሥሩ። አንድ ጥቃት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስዳል ብላችሁ ያዙ። እነሱም በመሃል ያጠቃሉ፤ ያውም በጎዶሎ ስለሆኑ ሰዓት እየገደሉ። ለእናንተ የሚተርፈው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጥቃት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ኳስ ከዐሥር ሜትር መወርወር ከእጅ ያለን ነገር መጣል ነው። ማጓተትም አይሆንም፤ ዳኛው የማጓተት ምልክት እጁን ካነሳ በኋላ የሚፈቀድላችሁ አራት ቅብብል ብቻ ነው። ድሮ ስድስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አራት ሆኗል። አሁንም ስድስት እያለ የሚያስተምር አሰልጣኝ አጋጥሞኛል።

ሁለተኛ፦ ሜዳውን ለጥጡት

የእጅ ኳስ ሜዳ ወርዱ 20 ሜትር ነው። ስድስት ሆነው ይሸፍኑት የነበረውን አሁን አምስት ሆነው ነው የሚሸፍኑት። ብዙውን ጊዜ አምስቱም በስድስት ሜትሩ መስመር፣ ማለትም ጎሉን በከበበው መስመር ላይ ይደረደራሉ። የእናንተ ልጆች መሃል ላይ ከተሰበሰቡላቸው አምስት ይበቃቸዋል። እንዲያውም ይተርፋቸዋል።

ይህን በአፍ ብትናገሩት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በገመድ አሳዩ። እኔ ከቤት የልብስ ማስጫ ገመድ አመጣሁ፤ ባለቤቴ እስካሁን ትጠይቀኛለች። አምስት ልጆች መስመሩ ላይ ተደርድረው ገመዱን በእጃቸው ይያዙ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ያህል ይሁን። ሌሎቹ ስድስት ኳስ ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይቀባበሉ። ባለገመዶቹ ገመዱን ሳይለቁ ኳሷን ይከተሉ።

በሦስተኛው ዙር ገመዱ ዚግዛግ ሆነ። አንዷ ትጎትታለች፣ ሌላዋ ትጎተታለች፣ መሃል ላይ ያለችው ልትወድቅ። ኳሷ ቀኝ ጥግ ስትደርስ ገመዱ ገና መሃል ነው። "አያችሁ?" አልኳቸው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም። ኳስ ከእግር ይፈጥናል።

ክንፎቹ ጥግ ድረስ ይውጡ። "ጥግ" ስል የጎን መስመሩን በተረከዛቸው ሊነኩት የደረሱበት ማለቴ ነው። ልጆች ኳስ ካልመጣላቸው ቀስ በቀስ ወደ መሃል ይሳባሉ፤ ልክ ብርድ ላይ እሳት እንዳየ ሰው። መሬቱ ላይ በኖራ ክብ አድርጉላቸውና "ኳስ እጅሽ እስኪገባ ከዚህ እንዳትወጪ" በሏቸው።

ሦስተኛ፦ ሁለት ያዢ፣ ልቀቂ

ዋናው ይኼ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

ትርፍ ሰው አላችሁ ማለት ዝም ብሎ የሆነ ቦታ ነፃ ሰው አለ ማለት አይደለም። እያንዳንዷ ተከላካይ አንድ አንድ ሰው ይዛ፣ ራቅ ያለችውን ጥግ ላይ ትተዋት፣ ኳሱ ወደዚያ ሲሄድ በተራ በተራ ይንሸራተታሉ። በሰዓቱ ከደረሱ ብልጫው የለም። ብልጫው የሚፈጠረው አንዷ አጥቂ ሁለት ተከላካይ ስትይዝ ነው። ያኔ ከአጠገቧ ያለችው ነፃ ትሆናለች። እሷን ለመሸፈን ሌላዋ ስትመጣ ቀጣይዋ ነፃ ናት። እንዲህ እያለ ጥግ ይደርሳል።

ሁለት የሚያዘው እንዴት ነው? ሰው ላይ በመሮጥ አይደለም። በሁለት ሰው መካከል ባለው ክፍተት ላይ በመሮጥ ነው። ተከላካይ ላይ ቀጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ የያዛችሁት አንድ ሰው ነው፤ እሷም አቅፋ ታቆማችኋለች። ክፍተቱ ላይ ከሄዳችሁ ግን ሁለቱም "የኔ ናት" ይላሉ።

ልጆቼ ላይ ያስተካከልኳቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ፤ እናንተም ጋ አይጠፉም።

ኳስ ቆመው ይቀበላሉ። የቆመ ሰው ማንንም አያስፈራም። ኳሷ ስትመጣ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ርቀው ቆይተው፣ ወደ ፊት እየሮጡ ይቀበሉ። ኳስ እንደያዙ ሦስት ርምጃ አላቸው፤ ሩጫው ቀድሞ ከተጀመረ ሦስቱ በቂ ነው።

ለጓደኛቸው ለመስጠት ስለወሰኑ ጓደኛቸውን እያዩ ይሮጣሉ። ተከላካይዋ ደግሞ ሞኝ አይደለችም። ዓይን ጎሉ ላይ፣ ክንድ ከፍ፣ የምትወረውር መምሰል አለባት። ለነገሩ መምሰል ብቻ አይደለም። ማንም ካልመጣባት ትወርውር!

ዘግይተው ይለቃሉ። ይህ ከሁሉም ይከፋል። ከተያዙ በኋላ የሚሰጥ ኳስ ወይ መሬት ይወድቃል ወይ ዳኛው ያፏጫል፤ ጥቃቱ ከዜሮ ይጀምራል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። መቼ ይልቀቁ? እኔ የምላቸው "የሁለተኛዋን እግር እዪ" ነው። የሁለተኛዋ ተከላካይ እግር ወደ አንቺ የዞረ ጊዜ፣ ያኔ። የእጇን መነሳት ከጠበቅሽ አልፎብሻል።

ልምምዱን ከትንሽ ጀምሩ። መጀመሪያ ሦስት ለሁለት፣ በዘጠኝ ሜትር ስፋት ውስጥ። ድንበሩን በጀሪካን አስቀምጡ። መሃለኛዋ ክፍተቱ ላይ ትሄዳለች፣ ሁለት ትይዛለች፣ ወደ ጎን ትለቃለች። ከለቀቀች በኋላ ቆማ አታጨብጭብ። ወደ ኋላዋ ተመልሳ ለቀጣዩ ሩጫ ትዘጋጅ። ይህ ሲገባቸው አራት ለሦስት፣ ከዚያ ስድስት ለአምስት። እኛ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለማለፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። አትቸኩሉ።

"ሁለት ያዢ፣ ልቀቂ" የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው መፈክር ያደረጉት። ሜዳ ላይ ግን ግማሾቹ "ዳፊ! ዳፊ!" ነው የሚሉት። በኦሮምኛ ፍጠኚ ማለት ነው። እሱም ያስኬዳል፤ እንዲያውም አጭር ነው።

አራተኛ፦ ማንጠር ክልክል

ይህን ያስተማረን ጭቃ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሜዳችን አፈር ስለሆነ ሐምሌ ላይ ኳስ ብታነጥሩ አይመለስም፤ ጧ ብሎ እዚያው ይቀራል። ልጆቹ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው መቀባበል ጀመሩ። በቁጥር ብልጫ ያን ያህል ያማረ ጨዋታ ከዚያ በፊት አላየሁባቸውም ነበር። ጥቅምት መጣ፣ መሬቱ ደረቀ፣ ኳስ መንጠር ጀመረች፣ ጨዋታችንም አብሮ ተበላሸ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ኳስ አንድ ጊዜ በነጠረች ቁጥር አምስቱ ተከላካዮች አንድ አንድ ርምጃ ይንሸራተታሉ። በራሳችሁ እጅ የጎደለችውን ልጅ ወንበር ላይ አስነስታችሁ አስገባችኋት ማለት ነው። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ "ሁለት ደቂቃ" ካልኩ ማንጠር የለም። ያነጠረች ኳሱን ለተከላካይ ታስረክባለች። መልሶ ማጥቃት ላይ ብቻ ፈቅጃለሁ፤ እዚያ ከፊታችሁ ማንም ስለሌለ።

አምስተኛ፦ ፒቮቷ አርፋ ትቁም

ብዙ አልልም። ፒቮት፣ ማለትም በተከላካዮቹ መካከል መስመሩ ላይ የምትቆመው አጥቂ፣ ኳስ ወደሄደበት ሁሉ እየተከተለች የምትሮጥ ከሆነ ተከላካይ ይዛ ወደ ሥራው ቦታ እያመጣች ነው። ከመሃለኛዋ ተከላካይ ጀርባ ትቁም፤ በሰውነቷ ትዝጋት፤ እንዳትንሸራተት ታድርጋት። ይህን በደንብ ካደረገች አንድም ኳስ ሳትነካ ጎል አስገብታለች። ይህን ለልጅቷ መንገር ያስፈልጋል፤ ማንም አያጨበጭብላትምና።

ስድስተኛ፦ የክንፎቹ እጅ

ኳሷ በሥርዓት ጥግ ደረሰች እንበል። አሁን ማግባት አለ።

ያቺ "ብቻዬን ነበርኩ" ያለችው ልጅ ከአምስት ሳምንት ልምምድ በኋላ በጨዋታ ላይ የመጀመሪያዋን ነፃ ኳስ አገኘች። ዘለለች፣ ወረወረች፣ ኳሷ ከጎሉ በላይ አልፋ አጥር ዘለለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ኳስ እንዴት ጥግ እንደሚደርስ ሳስተምር ጥግ ላይ ስለሚሆነው አንድ ቀን አላሠራኋትም።

ከጥግ ጎል ጠባብ ነው የሚታየው። ብልሃቱ አየር ላይ ነው። በስድስት ሜትር ክልል ውስጥ መሬት መርገጥ አይፈቀድም፤ ከመስመሩ ውጭ ተነስቶ፣ አየር ላይ ሆኖ፣ መሬት ከመንካት በፊት መወርወር ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ዝላዩ ወደ ጎል ሳይሆን ወደ ሜዳው መሃል ይሁን። አንድ ሜትር ወደ መሃል በዘለለች ቁጥር ጎሉ ይሰፋላታል። መዝለያዋን በኖራ፣ ማረፊያዋን በካልሲ ምልክት አድርጉ። ከልምምድ በኋላ እያንዳንዷ ክንፍ ሃያ ሃያ ኳስ ትወርውር። በረኛዋም ትጠቀማለች።

ለቀኝ ክንፍ ግራኝ ልጅ ፈልጉ። ቀኝ እጅ ያላት ከቀኝ ጥግ ስትወረውር ክንዷ ከሜዳው ውጭ ነው የሚሆነው፤ ግራኟ ግን ክንዷ ወደ መሃል ስለሚሆን ሰፊ ጎል ታያለች። እኛ አገር ችግሩ ግራኞች መደበቃቸው ነው። በልጅነታቸው "በቀኝሽ ያዢ" እየተባሉ አድገው በቀኝ ይጽፋሉ፣ በቀኝ ይበላሉ። እኔ አንዷን ያገኘኋት ድንጋይ ስትወረውር አይቼ ነው። ማንጎ ልታወርድ።

ሰባተኛ፦ ጀርባችሁን አትርሱ

ያን ቀን ሁለት ጎል የገባብን በብልጫ ላይ ሆነን ነው። ሆኪዎቹም ይህን ያውቁታል፤ በጎዶሎ ሆኖ የሚገባ ጎል ራሱን የቻለ ስም አለው፣ ቡድንን ይሰብራል። እኛ አሁን ደንብ አለን። ኳስ ከአንደኛው ጥግ ሲወረወር የሌላው ጥግ ክንፍና መሃለኛዋ የውርወራውን ውጤት አይጠብቁም። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ፊታቸውን አዙረው ይሮጣሉ።

ሌላም አለ። በጎዶሎ ያለ ቡድን ሲያጠቃ በረኛውን አስወጥቶ በምትኩ የሜዳ ተጫዋች ሊያስገባ ይችላል። ያኔ ስድስት ለስድስት ይሆናሉ፤ ጎላቸው ግን ባዶ ነው። ለበረኛችሁ ኳስ ስትይዝ መጀመሪያ የምታየው የሩቁን ጎል እንዲሆን ንገሯት። የሜዳው ርዝመት 40 ሜትር ስለሆነ ከጎል እስከ ጎል መወርወር ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው፤ አንዴ ነጥሮ ቢገባም ጎል ጎል ነው። በሳምንት ዐሥር ጊዜ ታለማምድ። እንደ ጨዋታ አድርጉት፤ የምትሞክረው ሁሉ ትስቃለች፣ ድካሙንም ይረሱታል።

ሳምንቱ እንዲህ ይሁን

ሦስት ቀን የምትገናኙ ከሆነ ከእያንዳንዱ ቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሰኞ ሦስት ለሁለት፣ ረቡዕ የክንፍ ውርወራና የረጅም ኳስ፣ ዓርብ ጨዋታ። ዓርብ ዕለት በመሃል ሳይጠብቁ ፉጨት አሰሙ፣ አንዷን አስወጡ፣ "ሁለት ደቂቃ!" ብላችሁ ሰዓት ክፈቱ። ድንጋጤውን እዚህ ይልመዱት።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ከከተማው ዳር የሚመጡት ልጆች ይቀራሉ። መቆጣት አይጠቅምም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሁለት ቦታ ትወቅ። መሃለኛዋ ክንፍ፣ ክንፏ መሃል።

ደብተር ያዙ። እኛ ጋ የሚጽፉት ተጠባባቂዎቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ሦስት ነገር ብቻ፦ ስንት ጥቃት ነበረን፣ ስንቱ ማንም ያልያዛት ልጅ እጅ ላይ ደረሰ፣ ስንቱ ገባ። እኔ የማየው መካከለኛውን ነው። እሱ ከፍ ካለ ጎሉ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል። እሱ ዝቅ ብሎ ጎል ከገባ ግን ዕድል ነው፤ አትኩራሩበት። ታይም አውት መጠየቅም ካሰባችሁ ደብተሩን እዩ። በሙሉው ጨዋታ ሦስት ብቻ ነው ያላችሁ፣ በአንድ አጋማሽ ከሁለት አይበልጥም። የመጀመሪያው የብልጫ ጥቃት ከተበላሸ አንዱን እዚያ ማዋል አያስቆጭም።

የመጨረሻ ሥራ ለተጠባባቂ ወንበሩ ስጡ። የተቀጣችው ልጅ ልትገባ ዐሥር ሰከንድ ሲቀር ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ድምፅ "ዐሥር!" ይበሉ። ሜዳ ላይ ያሉት ወደ ሰዓቱ መዞር የለባቸውም። ያን ድምፅ ሲሰሙ ኳሷ ጥግ ላይ ከሆነች ይወርውሩ፤ መሃል ላይ ከሆነች ይዘው ይረጋጉ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ለስድስት ነው፤ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።